ከአውሮፕላን መዝለል ጅማ ላይ ይቻል ይሆን? ቪዲዮው የማያሳየው የስካይዳይቪንግ ውሎ

ዱባይ ውስጥ፣ በዘንባባ ቅርጽ ከተሠራው ሰው ሠራሽ ደሴት በላይ፣ ከአውሮፕላን ሲዘሉ የተቀረጹ ኢትዮጵያውያን ቪዲዮ በቴሌግራምና በቲክቶክ መዘዋወሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጅማ ውስጥም ቪዲዮው በታየ ቁጥር፣ ከሄርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ፣ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሳሉ። ጃንጥላው እምቢ ቢልስ? እዚያ ላይ እንዴት ይተነፈሳል? አውሮፕላን ማረፊያ እያለን እኛ ጋ ለምን አይጀመርም? በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኦስትሪያዊው ፌሊክስ ባውምጋርትነር ጣሊያን ውስጥ ሲሞት ደግሞ ሌላ ብዥታ ተጨመረ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ዘሎ በሰላም ያረፈውን ሰው በመጨረሻ ዝላይ ገደለው ብለው የተረዱ ጥቂት አይደሉም። ሰውየው የሞተው ግን ሞተር በተገጠመለት ፓራግላይደር ሲበር ነው፤ ያ ሌላ ስፖርት ነው።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ "ጀግንነት ነው" በሚሉና "እብደት ነው" በሚሉ ወገኖች መካከል ይቀራል። ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት በአየር ላይ ያለችውን አንዲት ደቂቃ ነው። የዘላዮች ቀን ግን በአብዛኛው መሬት ላይ ያልቃል፦ ነፋስ ሲጠብቁ፣ ጃንጥላ ሲያጥፉ፣ እርስ በርስ ሲፈታተሹ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲያወሩ። ዝላዩ አደገኛ ወይም አስተማማኝ የሚሆነው እዚያ ነው። ጅማ ላይ ይቻላል ወይ የሚለውም ጥያቄ ከዚሁ ውሎ ተነሥቶ ቢታይ ይሻላል።

ምኑ ከምኑ ይለያል?

ስካይዳይቪንግ ከሚበር አውሮፕላን ዘሎ፣ ለተወሰነ ጊዜ በነፃ ወድቆ፣ ከዚያ ጃንጥላውን (ፓራሹቱን) ከፍቶ እየነዱ ማረፍ ነው። ፓራግላይዲንግ ከተራራ ጫፍ ሮጦ ወይም በጀርባ በታዘለ ሞተር ተገፍቶ መነሣት ነው፤ ክንፉ ከመነሻው ጀምሮ የተዘረጋ ነው፣ በነፃ መውደቅ የለበትም። በአገራችን ጃንጥላ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው አየር ወለድ ነው። የወታደሩ የተለመደ ዝላይ ከጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍታ የሚደረግ ሲሆን፣ ጃንጥላውን የሚከፍትለት ከአውሮፕላኑ ጋር የታሰረ ገመድ ነው። ስለዚህ "አየር ወለድ ስላለን ልምዱ አለን" የሚለው አስተያየት በከፊል ብቻ ያስኬዳል። ጃንጥላ የማጠፍና የመመርመር ዲሲፕሊኑ ይወረሳል፤ መንገደኛን ከራስ ጋር አስሮ ከአራት ሺህ ሜትር ማውረድ ግን ሌላ ሙያ ነው።

ይህ መንገደኛን አስሮ መዝለል ታንደም ይባላል። በዱባይ ቪዲዮዎች የምናያቸው ወገኖቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም የታንደም ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ጃንጥላውን የሚከፍተውም የሚነዳውም ከጀርባቸው ያለው አስተማሪ ነው። ብቻውን መዝለል የሚፈልግ ሰው ትምህርት ይጠብቀዋል። በአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር አሠራር የመጀመሪያው ፈቃድ ቢያንስ 25 ዝላይ፣ ከፍተኛው 500 ዝላይ ይጠይቃል። የታንደም አስተማሪ ለመሆን ደግሞ 500 ዝላይና በስፖርቱ ውስጥ ሦስት ዓመት መቆየት ግድ ነው።

ካሜራው የሚያሳስትበት

ጃንጥላ ሲከፈት ሰውየው ሽቅብ ተስፈንጥሮ የሚታይበት ቪዲዮ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሽቅብ የሄደ ሰው ግን የለም። የሚቀርጸው ሰው በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መውደቁን ሲቀጥል ጃንጥላው የተከፈተለት ሰው ይዘገያል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ርቀት ነው ዓይንን የሚያታልለው።

መተንፈስም ይቻላል። ነፋሱ ፊት ላይ ሲመታ ለአፍታ ትንፋሽ የተቋረጠ ሊመስል ይችላል እንጂ አየሩ አልጠፋም። ሆድ ባዶ የሚሆንበት ስሜት ብዙዎች እንደሚፈሩት አይበረታም፤ አውሮፕላኑ ቀድሞውኑ ወደፊት በፍጥነት ስለሚበር ዘላዩ ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ አይወድቅም፣ አቅጣጫውን ቀስ እያለ ከአግድም ወደ ቁልቁል ይለውጣል እንጂ። በታንደም ላይ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲወድቅ ፍጥነቱ እንዳይበዛ ድሮግ የሚባል ትንሽ ጃንጥላ ከኋላ ይለቀቃል። በቪዲዮው ላይ ከአስተማሪው ጀርባ የምትወዛወዘው ትንሽ ጨርቅ ያ ነው፤ "ጃንጥላው በደንብ አልተከፈተም" ተብሎ የሚጻፍበት አስተያየትም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከእርሱ ነው።

ወጣቶች በብዛት የሚጠይቁት ሌላው ጉዳይ በስልክ መቅረጽ ነው። ለጀማሪ አይፈቀድም። ማኅበሩ ካሜራ ይዞ ለሚዘል ሰው ቢያንስ 200 ዝላይ እንዲኖረው ይመክራል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ የጃንጥላው ገመድ በካሜራው ሊያዝ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ሐሳቡ በምስሉ የተያዘ ሰው ከፍታውን ማየት ይረሳል።

መሬት ላይ የሚውለው ቀን

የመዝለያ ጣቢያ (ዘላዮች ድሮፕ ዞን የሚሉት) ከሩቅ ሲያዩት የሥራ ፈት መዋያ ይመስላል። ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰማይ ያያሉ። ነፋሱ ከበረታ ወይም ደመናው ዝቅ ካለ ሁሉም ይቆማል፤ ለተማሪዎች በአሜሪካ የተቀመጠው የመሬት ላይ ነፋስ ገደብ በሰዓት 14 ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተማሪው ቢለምንም አይሳፈርም። ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ሳይዘሉ ወደ ቤት መመለስ በስፖርቱ ውስጥ የተለመደ ነው። የጥበቃ ሥራ ላይ ጅማ የሚያንሰው ነገር አይኖርም፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚወስደው ጊዜ አንድ ደመና ለማሳለፍ ይበቃል።

ጥበቃው ሲያበቃ የሚቀረው የማጠፍ ሥራ ነው። ዘላይ ሁለት ጃንጥላ ያዝላል። ዋናውን ራሱ ወይም የተከፈለው አጣፊ ያጥፈዋል፤ ልምድ ላለው ሰው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መጠባበቂያውን ግን ማንም እንደፈለገ አይነካውም። የሚያጥፈው ሪገር የሚባል ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሲሆን፣ በአሜሪካ ደንብ ባይከፈት እንኳ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ እንደገና መመርመርና መታጠፍ አለበት። "እምቢ ቢልስ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ዋናው ጃንጥላ ከሰባት መቶ እስከ ሺህ ዝላይ አንድ ጊዜ ገደማ በአግባቡ ላይከፈት እንደሚችል በዘላዮች ዘንድ ይታወቃል። ያኔ ዘላዩ ዋናውን ከትከሻው ቆርጦ ይለቅና መጠባበቂያውን ይከፍታል። ራሱን ቢስት ወይም ከፍታው ቢጠፋበት ደግሞ አውቶማቲክ መክፈቻው አለ። ይህ ትንሽ ኮምፒዩተር የአየር ግፊትን እየለካ፣ ሰውየው ዝቅ ብሎም በከፍተኛ ፍጥነት እየወደቀ መሆኑን ካየ መጠባበቂያውን ራሱ ያስከፍታል። ዘመናዊው ዓይነት በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 የጀርመኑ ሳይፕረስ ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ነው፤ ልምድ ላላቸው ዘላዮች የተሠራው ከመሬት 225 ሜትር ገደማ ላይ ይሠራል።

ከዚያ መፈታተሽ ይመጣል። ዕቃው ከመታዘሉ በፊት፣ ከመሳፈር በፊት፣ ከመዝለል በፊት ይፈተሻል። አንዱ የሌላውን ቀበቶ፣ መያዣና ጀርባ ያያል። ወሬውም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁለት ዘላዮች ሲተዋወቁ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ዝላይ አለህ?" ነው። ወጣቱ አነስ ወዳለና ፈጣን ወደሆነ ጃንጥላ ለመሸጋገር ይቸኩላል፤ ነባሩ "ገና ነህ" ይለዋል። አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ለባልደረቦቹ ቢራ ይጋብዛል፤ ጅማ ላይ ቢሆን ልማዱ ወደ ለስላሳና ቡና እንደሚዞር መገመት አይከብድም። የግብዣው ፋይዳ ቀላል አይደለም። ማን ምን እንደሞከረ በዚያው ይታወቃል፣ የታወቀ ነገር ደግሞ ይመከርበታል።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ"

በዘላዮች ወሬ ውስጥ ለእኛ ጆሮ የሚከብደው ስለ ሞቱ ባልደረቦች የሚነገረው ነው። የአሜሪካው ማኅበር በመጽሔቱ የአደጋ ዘገባ ያወጣል፤ ስም አይጠራም፤ የሟቹ የዝላይ ብዛት፣ ምን እንዳደረገ፣ የት ላይ እንደተሳሳተ ግን ይዘረዘራል። በየዓመቱ በመጋቢት ወር አካባቢ ደግሞ ጣቢያዎች የደኅንነት ቀን ብለው ተሰብስበው በእነዚህ ዘገባዎች ላይ ይነጋገራሉ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟችን ጥፋት መዘርዘር ነውር ነው። ሊናገር የተነሣ ሰው እንኳ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ብሎ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ላይ ይቆማል። ይህ ልማድ ቤተሰብን ከሐዘን ላይ ሐዘን ያድናል። በውጭም ቢሆን ዝርዝሩ ቶሎ መውጣቱን የሚቃወሙ አሉ። ምርመራው ሳያልቅ የሚነገረው ግምት ሆኖ ይቀራል፣ ቤተሰብ ያዝናል፣ ጠበቃም ይጠቀምበታል ይላሉ። በሌላ በኩል የቆሙት ደግሞ ዝም የተባለበት ስሕተት በሚቀጥለው ሰው ላይ እንደሚደገም ያስረዳሉ። ቁጥሩ የሚያግዘው የኋለኞቹን ይመስላል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በስፖርቱ በዓመት በአማካይ 42 ሰው ገደማ ይሞት ነበር፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) 3.65 ሚሊዮን ያህል ዝላይ ተደርጎ የሞተው 10 ሰው ነው። ለውጡን ሁሉ ለወሬ መስጠት አይቻልም፤ መሣሪያው በእጅጉ ተሻሽሏል። መሣሪያው ምን መሻሻል እንዳለበት የታወቀው ግን ስለ አደጋው በመነገሩ ነው።

ከሙት ወቀሳ ይልቅ እዚህ የሚያስቸግረው የታላቅና የታናሽ ጉዳይ ይመስለኛል። የሃያ ዓመት ጀማሪ ለሃምሳ ዓመቱ አስተማሪ "ጋሼ፣ የእግር ቀበቶዎ አልተቆለፈም" ማለት አለበት። ሊያፍር ይችላል፤ አስተማሪውም ሊቆጣ ይችላል። በአቪዬሽን ዓለም ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን ለማረም ፈርቶ ዝም በማለቱ አውሮፕላን የወደቀበት ጊዜ አለ፤ አየር መንገዶች ሠራተኞቻቸውን ሳይፈሩ እንዲናገሩ ማሠልጠን የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ጅማ ውስጥ ጣቢያ ቢከፈት ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ይህ መሆን ይኖርበታል።

መሣሪያው ሲሻሻል ሰው ይደፍራል?

ዋናውን ጃንጥላ በአንድ መጎተት ከትከሻ የሚለቀውን ባለ ሦስት ቀለበት መቆለፊያ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ቢል ቡዝ ነው። እርሱ ራሱ ግን የዘላዮች መሣሪያ አስተማማኝ በሆነ ቁጥር ዘላዮች የበለጠ እንደሚደፍሩ፣ የሟቾችም መጠን ባለበት እንደሚቆይ በመናገር ይታወቃል። አባባሉ በከፊል እውነት ሆኗል። ዛሬ ከሚደርሱት ከባድ አደጋዎች ጥቂት የማይባሉት በደንብ በተከፈተ ጃንጥላ ሥር የሚደርሱ ናቸው፦ ዘላዩ ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነት ለማግኘት ዝቅ ብሎ ይታጠፍና መሬት ይቀድመዋል። ሆኖም ከላይ እንደታየው ጠቅላላ ቁጥሩ ወርዷል፤ ስለዚህ የቡዝ አባባል ማስጠንቀቂያ እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም። ታንደም ተሳፋሪን በተመለከተ በአሜሪካ ሲጠቀስ የቆየው መጠን በ500,000 ዝላይ አንድ ሞት ገደማ ነው። ተሳፋሪው ዝቅ ብሎ ልታጠፍ አይልማ።

የጅማ ሰማይና የጅማ መሬት

አሁን ወደ "እኛ ጋ ለምን አይጀመርም?" እንምጣ። የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይወስናል።

አንደኛ፣ የመዝለያው ከፍታ ከሁለት ወገን ይጠባል። ዱባይ ላይ አራት ሺህ ሜትር ሲባል ከመሬትም ከባሕርም አራት ሺህ ነው። ጅማ ላይ ከመሬት አራት ሺህ ማለት ከባሕር ወለል 5,700 ሜትር ነው፤ በአሜሪካ ደንብ ከ15,000 ጫማ፣ ማለትም ከ4,570 ሜትር በላይ ለሚዘል ሰው ኦክስጅን የግድ ነው። ኦክስጅን ሳይጫን መዝለል ከተፈለገ ከመሬት የሚቀረው 2,850 ሜትር ያህል ነው። ታንደም ጃንጥላ በተለምዶ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ይከፈታል፤ ስለዚህ ዱባይ ላይ ሃምሳ ሰከንድ የሚሆነው በነፃ መውደቅ ጅማ ላይ ወደ ሠላሳ ሰከንድ ይወርዳል። ተመሳሳይ ዋጋ ከፍሎ የሚመጣ ጎብኚ ይህን ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በ15 በመቶ ገደማ የቀለለ በመሆኑ ያው ጃንጥላ ያንኑ ሰው ይዞ ስምንት በመቶ ያህል ፈጥኖ ያርፋል። ፀሐይ በበረታበት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይብሳል። በስፖርቱ ጉዳቶች አብዛኞቹ በማረፊያ ላይ ቁርጭምጭሚትና እግር ላይ የሚደርሱ በመሆናቸው ስምንት በመቶ ቀላል አይደለም፤ መፍትሔው ሰፋ ያለ ጃንጥላ መጠቀምና በማለዳ መዝለል ነው። ከፍታው ግን ክልከላ አይሆንም፦ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ሎንግሞንት ውስጥ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ለዓመታት የሠራ ጣቢያ አለ።

ሦስተኛ፣ የት ይታረፋል? ለተማሪ ዘላይ ከየአቅጣጫው 100 ሜትር ያህል ዛፍ፣ ሕንፃና ኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት ሜዳ ይመከራል። ጅማ ዙሪያ የቡና ጥላ ዛፍና ባሕር ዛፍ ሞልቶበታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የላይኛው ነፋስ በሠላሳ ሰከንድ ብቻ ዘላይን ከ300 ሜትር በላይ ይወስዳል። የሳተ ሰው ቦዬ ረግረግ ላይ፣ ጉማሬ አለ በሚባልበት አካባቢ፣ ሊወርድ ይችላል።

ለማስታወቂያ እንዲያምር "ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ይረፉ" የሚል ሐሳብ ቢነሣ አይገርምም። እዚህ ላይ የተደበቀ አደጋ አለ። አውቶማቲክ መክፈቻው መሬት ብሎ የሚያውቀው አውሮፕላኑ የተነሣበትን ቦታ ነው። አውሮፕላኑ ከሜዳው ተነሥቶ ዘላዩ ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ቢያርፍ፣ መሣሪያው 225 ሜትር ቀርቷል ሲል በእውነቱ የቀረው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የከፍታ ልዩነቱ በቁጥር ካልተሞላለት በቀር መሣሪያው ባይታዘል ብዙ ለውጥ የለውም። የእጅ ላይ ከፍታ መለኪያውም እንዲሁ ነው።

የአየር ጠባዩን በተመለከተ ጅማ ዝናባማ ነው፤ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ክረምት መጨረሻ ይዘልቃል። ለዝላይ የሚመቸው በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፣ እርሱም የጠዋቱ ጉም ከተገፈፈ በኋላ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሣ።

ገንዘቡና ፈቃዱ

የመዝለያ ጣቢያን የሚያቆየው የታንደም ተሳፋሪ ነው። ዱባይ ላይ አንድ ሰው ከሁለት ሺህ ድርሃም በላይ ይከፍላል፤ በዚያ ገቢ ነው የአውሮፕላኑ ነዳጅ፣ የአጣፊውና የአስተማሪው ደመወዝ የሚሸፈነው። አንድ ሙሉ የዘላይ ዕቃ አዲስ ሲገዛ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ እዚህ ሲመጣ የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ጉዳይ ይከተለዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ዲያኒ ላይ የሚሠራው ጣቢያ ከጎኑ የባሕር ዳርቻና ቱሪስት አለው። ጅማ ያላት ጥቅም ሌላ ነው፦ የየዕለት በረራ የለመደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አጥንት የተሰበረ ሰው ሩቅ ሳይሄድ የሚታከምበት የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ከላይ ሲታይ የሚያምር አረንጓዴ መሬት። መደበኛ በረራ ያለበት ሰማይ መሆኑ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድና ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ጋር በየዝላዩ መቀናጀት ያስፈልጋል።

"የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ከመንገድና ከውኃ አይቀድምም" የሚለው ተቃውሞ የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበት ከሆነ ያስኬዳል። በግል ገንዘብ ከተሠራ ግን ጥያቄው ወደ ቁጥጥር ይዞራል፦ መጠባበቂያውን ማን ያጥፋል፣ ነፋሱ በዛ ብሎ በረራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ አደጋ ሲደርስ ዘገባው ለማን ይቀርባል? በገቢ ላይ የተመሠረተ ድርጅት የከፈለ እንግዳ እያለቀሰ "ዛሬ አይዘለልም" ማለት እንዲችል ከውጭ የሚያስገድደው ሕግ ያስፈልገዋል።

ቋሚ ጣቢያ ለጅማ ለጊዜው የሚያዋጣ አይመስልም፤ የዝናቡ ወራት ብዙ፣ ከፋዩ ጥቂት ነው። የተሻለ ዕድል ያለው ዘላዮች ቡጊ የሚሉት ነው፣ ማለትም አውሮፕላንና ዕቃ ይዘው ከየአገሩ የሚመጡ ዘላዮች ለጥቂት ቀናት የሚሰባሰቡበት ዝግጅት። ለዚያ ጥር ወር ይመቻል። ሪገሮቹና አስተማሪዎቹ ከእንግዶቹ ጋር ይመጣሉ፤ የአገር ልጆች ማጠፍና መፈተሽ ከእነርሱ ሥር ሆነው መማር ይችላሉ። እንግዶቹ ይዘው የማይመጡት ሜዳውን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር በከፍታ የሚመጣጠን፣ ሽቦና ዛፍ የሌለበት፣ ባለቤቱ የፈቀደ ሰፊ ቦታ መለየትና መለካት ያለበት ከተማው ነው።